መቀርቀሪያው እና ወንድሙ

ደጋፊዎቹ «መቀርቀሪያው» ይሉት ነበር፤ በእሱ በኩል አጥቂ አያልፍም ለማለት። ከወጣት ቡድኑ አድጎ ዋናውን ቡድን ከተቀላቀለ ጀምሮ ማልያ ቀይሮ አያውቅም። ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርድ ሌሎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው እብስ ሲሉ እሱ ቀረ፤ አምበልነቱም ያኔ እጁ ገባ። ለምን አልሄድክም ሲሉት ትከሻውን ይሰብቅና «ማን ይቀበለኛል ብላችሁ ነው?» ይላል። ውሸቱን ነው። ሁለት ክለቦች ደጅ ጠንተውታል።

ታናሽ ወንድሙ ግን አጥቂ ነበር፤ ከፍጥነቱ የተነሳ «ሽው» ይሉታል። እሱ ገና በጊዜ ከወንድሙ ክለብ ወጥቶ ወደ አንድ ሀብታም ክለብ ሄደና ደጋፊው ከሃዲ የሚል ስም ለጠፈበት። ወንድማማቾቹ ግን አልተቀያየሙም። እናታቸው የሁለቱን ማልያ በአንድ ገመድ ላይ ሲያሰጡ ያየች ጎረቤት «እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?» ብትላቸው፣ «እኔማ የሳሙና» አሏት።

ክለቡ ወደ ላይኛው ሊግ በተመለሰበት ዓመት ሽው ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በእናታቸው ቤት ደረጃ ላይ ክንዱን ይዞ ያወጣውና ያወርደው የነበረው ታላቁ ነው። ሽው ድኖ ሜዳ ሲገባ የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እሱም ከወንድሙ ክለብ ጋር። መቀርቀሪያው አቻ ከወጣ ክለቡ ይተርፋል፤ ከተሸነፈ እንደገና ይወርዳል።

ጨዋታው ያለ ግብ ሊያልቅ ሲል ከኋላ የተላከ ረጅም ኳስ በመቀርቀሪያው አናት ላይ አለፈ። ዞር ሲል ሽው ቀድሞታል፤ ፊት ለፊቱ በረኛው ብቻ ነው ያለው። በሩጫ እንደማይደርስበት ያውቃል። የታመመው የትኛው ጉልበት እንደሆነም ያውቃል። ተንሸራቶ ከኋላ ጠለፈው።

ሽው አልጮኸም። ሣሩን በጥርሱ ነክሶ ተኛ። ዳኛው ቀይ ካርድ መዘዘ፤ ቅጣት ምቱ ግድግዳ ሠርተው የቆሙትን ተጫዋቾች መትቶ ወጣ፤ ጨዋታው አለቀ። ደጋፊው ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ አምበሉ መልበሻ ክፍል ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርስ እናቱ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። «ግባ» አሉት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ። «እኔ ግን አብሬህ አልገባም።»

ሽው እግሩ ተሰቅሎ ጣሪያውን ያያል።

«ጋሼ፣ ኳሱን ነው ያየኸው ወይስ እግሬን?»

«አንተን ነው ያየሁት።»

«እኔ መሆኔን እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

«ሌላ ቢሆንም ትጠልፈው ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሂድ፤ ደክሞኛል።»

በሚቀጥለው የውድድር ዘመን አምበሉ ቅጣቱን ጨርሶ ተመለሰ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ባገኙት ቁጥር «ያተረፍከን አንተ ነህ» ይሉታል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሜዳ ላይ ግን ትናንት የመጡ አጥቂዎች ሁሉ እንደ ክፍት በር ያልፉት ጀመር።

አሰልጣኙ ለብቻው ጠሩት። «ምን ነካህ?»

«መንሸራተት እምቢ አለኝ። እግሬን ልልክ ስል ይይዘኛል።»

«ጊዜ ይፈታዋል።»

«እኔን ጊዜ እስኪፈታኝ ክለቡ ይወርዳል» አለና የአምበልነቱን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስንብት ይዘጋጅልህ ቢሉት አልፈለገም። የወጣት ቡድኑን ተከላካዮች ማሠልጠን ያዘ።

ሽው ከዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ሜዳ ቢመለስም ሽው ማለቱ ቀርቶ ነበር። ሀብታሙ ክለብ ሸኘውና አንድ ትንሽ ቡድን ወሰደው። እዚያ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ ማደል ተማረ፤ ይህንንም አሳምሮ ያውቅበት ጀመር። ታላቁ አንድ ቀን ሳይነግረው ሄዶ ተመልካች መሀል ተቀመጠ። የሽው ቡድን ተሸነፈ።

ተጫዋቾቹ ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኙ። ሽው ቦርሳውን ከትከሻ ትከሻ አዛወረ።

«መኪና ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«እማዬ ጋ አድርሰኝ። አውቶቡስ ላይ ብዙ መቆም አልችልም።»

ታላቁ ቦርሳውን ተቀበለው። የመኪናውን ወንበር እግሩን መዘርጋት እንዲችል ወደ ኋላ ገፋለት። ስለ ጉልበቱ ማናቸውም አላነሱም። መንገዱን ሙሉ ዳኛውን ሲያሙ ሄዱ።