ዝቅ ብሎ የተቃኘው ቼሎ

የሰው ልጅ የሚወደውን ከጥፋት አድናለሁ ሲል የሚፈጽመው በደል፣ ጠላት ሆን ብሎ ከሚያደርሰው መከራ ይልቅ ጥልቅና ስውር መሆኑን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜ ያስተማረው ሁሉ ይመሰክራል፤ ጠላትን ሸሽቶ ማምለጥ ይቻላልና፣ ከወዳጅ እቅፍ ግን ማን ይሸሻል? የአጸደም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አጸደ የጉለሌ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። በሕፃንነቷ ጸጋዋን አይተው የተቀበሏት መምህር አምኃ፣ በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው፣ በጉልበት መካከል ታቅፎ በደጋን የሚመታውን፣ ድምፀ ግሩምና ልበ ሐዘን የሆነውን ቼሎ ተምረው የተመለሱ፣ ትሑትና ጭምት ሰው ነበሩ። ዘመኑ ግን ከውጭ ዕቃ የማይገባበት ዘመን ነበርና፣ አራቱ የቼሎ ክሮች ቢበጠሱ ምትክ አልነበራቸውም። ስለዚህ መምህሩ፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱላቸውን ክሮች ከውጥረት ለማሳረፍ፣ ከትክክለኛው ልክ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው አላሏቸው፤ አላልተውም ዝም አሉ። ፒያኖ በሌለበት በዚያ ጠባብ ቤት እርሳቸውን የሚያስተባብል ሌላ ድምፅ አልነበረምና፣ ብላቴናዪቱ የላላውን ክር ልክ ነው ብላ፣ ጆሮዋንም ክንዷንም በእርሱ አሳደገች። ሊነግሯት ያስቡ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ጨዋታዋም እያማረ ሲሄድ፣ ደስታዋን ማፍረስ አሳዘናቸው። ይህን ዝምታ ደግነት ብዬ ልጠራው ብዙ ሞክሬ አቅቶኛል።

ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ፣ ለአንድ ወጣት ነጻ ትምህርት የሚሰጡ ፈታኞች ከባሕር ማዶ አዲስ አበባ ገቡ፤ ለአጸደ ከዚህ ሌላ በር አልነበራትም። መምህሩ ብቻዋን በገዛ ቼሏቸው የምትጫወት መስሏቸው ሸኟት፤ ፈታኞቹ ግን የራሳቸውን ቼሎ ሰጥተው ከፒያኖ ጋር እንድትጫወት አዘዟት። ጣቶቿ ትክክለኛውን ስፍራ ረገጡ፤ የወጣው ድምፅ ግን ጆሮዋ ከለመደው ከፍ አለባት፤ የተሳሳተች መስሏት ዝቅ ልታደርገው ጣቷን አሸሸች፤ ከፒያኖውም ተጣላች፤ ባረመች ቁጥር ባሰባት። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ሽበታምና ጨዋ ሰው፣ እጁን አንሥቶ አስቆማትና በአስተርጓሚ፣ «እጅሽ መልካም ነው፤ ጆሮሽ ግን ተበላሽቷል። በዚህ ዕድሜ አይቃናም» አላት። ቅስሟ ተሰብሮ፣ የመምህሯን ቼሎ ከነደጋኑ ይዛ ወደ ቤታቸው ተመለሰች።

«ጋሼ፣ የእነሱ ቼሎ ምን ነክቶት ነው?»

«የእነሱ ልክ ነው፣ ልጄ። ዝቅ ያለው የእኛ ነው። ክሮቹ እንዳይበጠሱ ብዬ እኔው ነኝ ያላላኋቸው።»

«ታዲያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ።»

አጸደም ቼሎውን ወደ እርሳቸው ገፋ አድርጋ፣ «እንግዲያው አሁን በልካቸው ይቃኙልኝ» አለቻቸው። መምህሩ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመሩ፤ አጸደም ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ የክሩን መበጠስ ትጠባበቅ ነበር፤ እንዲያውም ትመኘው ነበር፤ ቢበጠስ የሽማግሌው ፍርሃት እውነት፣ የእርሷም ዕድል መጥፋት ምክንያት ያለው ይሆን ነበርና። ነገር ግን አራቱም ክሮች አንድ ሳይቀር ልካቸውን ችለው ቆሙ፤ ሲነኳቸውም ጥርት ብለው ጮኹ። መምህር አምኃ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ አጸደም ደጋኗን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ዳግመኛም አልነካችውም። በፍርሃት ተቆልፎ የሚጠበቅ ጸጋ፣ ሌባ ባይደርስበትም፣ በጠባቂው እጅ ይሞታል።