የታኘከችው እንጨት

"ይህን ነጠብጣብ የነጠበችው ማናት?" አለች ናፑሩላ፣ ሸራው ላይ ጎንበስ ብላ።

ጆሲ ቀና አላለችም። "እኔ ነኛ። ሌላ ሰው ይታይሻል እንዴ?"

"እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ።"

በበረሃው መንደር የሥዕል ማዕከል በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚሥሉት ሴቶች ወደ ሁለቱ ዞሩ። ጆሲ የምትሥለው የአባቷን አገር፣ አሸዋው መካከል ያለውን የውሃ ጉድጓድ ነው። መሣሉ በአባቷ በኩል የእሷ መብት ነው። በሕጋቸው ልክ ነው ወይም ተሳስቷል የምትለው ግን ናፑሩላ ናት፤ አገሩ በእናቷ በኩል ይደርሳታልና። እሷ ካልፈቀደች ሸራው ከበረንዳው አይወርድም።

"ጉድጓዱን አበላሸሁት?"

"አላበላሸሽም። ሁለት ነጠብጣብ ጠጋ ጠጋ፣ ሦስተኛዋ ፈንጠር። እንደዚህ የምትነጥብ አንዲት ሴት ነበረች። በመጋቢት ቀብረናታል።"

ስሟን አልጠራችም፤ የሟች ስም አይጠራም። ሞክሼዋ የሆነችው የመደብሩ ሻጭ እንኳ ከዚያ ወዲህ "ስም የለሽ" ሆና ቀርታለች፤ ልጆቹ "ስም የለሽ፣ ዳቦ አለሽ?" እያሉ ያበሽቋታል።

ሟቿ የጆሲ አክስት ናት። መንፈሷ እንዲሄድ ቀሚሷም ፍራሿም ተቃጥሏል፤ ቤቷ በቅጠል ጭስ ታጥኖ ባዶውን ቆሟል። ጆሲ ግን አንዲት ነገር ደብቃ አስቀርታለች፤ አክስቷ ጫፏን አኝካ ያለሰለሰቻትን፣ ጣት የማታህል የመንጠቢያ እንጨት። መጀመሪያ ለማስታወሻ ነበር። በራሷ እንጨት ስትሞክር ነጠብጣቡ የጥንቸል በጠጥ ሲመስልባት ጊዜ የአክስቷን አወጣቻት፤ እጇም ሮጠ። የማዕከሉ ኃላፊ ክሌር "አደግሽ" ብላ አመሰገነቻት።

ከዓርብ ጀምሮ ግን ማጅራቷ ላይ የአክስቷ ትንባሆ ይሸታታል። የሌላውን ሸራ እየረገጡ የሚያልፉት ውሾች የእሷን ዞረው ያልፉታል። ትናንት "ይበቃኛል" ብላ ልትነሳ ስትል፣ እጇ ሦስት ነጠብጣብ ጨምሮ ነው የተነሳው።

"አምጪው" አለች ናፑሩላ።

"ምኑን?"

"አዝዬ ያሳደግሁሽ ልጅ ነሽ። ውሸት አያምርብሽም።"

ጆሲ መዳፏን ከፈተች። "ያለ እሱ አልችልም።"

"እሷም በእሱ የተነሳ መሄድ አልቻለችም።"

"ሸራውንስ ትከለክይኛለሽ?"

"ሸራው ልክ ነው አልኩሽ። የማን እንደሆነ ነው የጠፋኝ።"

ግቢው ውስጥ የካንጋሮ ጅራት ፍም ውስጥ ተቀብሮ ይበስላል። ጆሲ ወደዚያ ሄደች። እንጨቷ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ የአክስቷ ወላቃ ጥርስ ቦታ እንኳ ይለያል። ፍሙ ላይ ጣለቻት። ለአፍታ ጨሰች፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም እንጨት ነደደች።

ጆሲ ከአጥሩ ሥር ካለው ግራር ቀጭን ቅርንጫፍ ሰበረች፣ ልጣጩን ገፈፈች፣ ተመልሳ ሸራዋ ፊት ተቀመጠች። ጫፉን አፏ ውስጥ ከተተች። ይመራል።

"እስኪለሰልስ ቀኑን ሙሉ ይፈጅብሻል" አለች ናፑሩላ።

"ጥርስ አለኝ" አለች ጆሲ፣ እያኘከች።