የልብስ ሰፊዋ ወለል

ባሌ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሠፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ እሱ ባነጠፈው ላይ ብይ ቢቀመጥ ንቅንቅ አይልም ለማለት። የኛ ቤት ኩሽና ግን ከተጋባን ጀምሮ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው።

ሰሞኑን የልብስ ሰፊዋን ሱቅ ወለል ይዞ ሥራው ተጓተተበት። ማታ ማታ እያፏጨ መግባት ጀመረ። ይህ ሰውዬ በሠርጋችን ዕለት እንኳ አላፏጨም። ቅናቱ አላስተኛ ሲለኝ ቀሚስ ላሳጥር ነው ብዬ ሄድኩ፤ ቀሚሱ ድሮውንም አጭር ነበር።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወለሉ ላይ ያለው ቅርጽ አንድ ብቻ ነው፤ ከማዕዘን ማዕዘን ለሁለት የተከፈለ ሴራሚክ፣ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። እሱኑ እያዟዟረ እዚህ ጋ ኮከብ አውጥቶበታል፤ እዚያ ጋ ደግሞ ልጆች ከወረቀት የሚሠሩትን መሽከርከሪያ። ቆንጆ ነው። ያንገበገበኝም ቆንጆነቱ ነው። ቢያስጠላ ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

«አይ ባልሽ!» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች። «ስንጨቃጨቅ ነው እኮ የከረምነው! እኔ አዙረው ስለው፣ እሱ ሞቼ ነው ቆሜ ሲለኝ! አንድ ቀንማ እልህ ይዞት ያነጠፈውን ሁሉ ነቀለው።»

ተጨቃጨቁ! ባሌ! አፉን በሙጫ ለጥፈው የዳሩልኝ ሰው! አቀፈኝ ብትለኝ እንዲህ የምቃጠል አይመስለኝም። ከእኔ ጋር አንድ ቀን ተከራክሮ አያውቅም። ምግቡ ጨው በዛበት ስለው በዛበት ይላል፤ አነሰው ስለው አነሰው ይላል። ጎረቤቶቼ «ታድለሽ!» ይሉኛል። እኔም የታደልኩ እየመሰለኝ ኖርኩ።

ማታ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «የእሷን ዓይነት ኩሽናዬ ላይ ታነጥፍልኛለህ፤ ነገውኑ!» አልኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ቅናት ግን ተረት አይሰማም።

በማግስቱ ተንበርክኮ ጀመረ። እኔም በርጩማዬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሃል ላይ ያለው ኮከብ ሊሞላ አንዲት ሴራሚክ ብቻ ስትቀረው፣ «ተው፣ እሷን ወደዚህ አዙራት» አልኩት።

ጥቁሩ ነጩ ቦታ ሊገባ ነው። ኮከቡ ሊበላሽ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያየው ስህተት ነው፤ ሆነ ብዬ ነው ያልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠበቅኩ። ጩኽብኝ፣ አልኩት በሆዴ። መዶሻህን ወርውር። አብደሻል እንዴ በለኝ።

ሴራሚኳን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ አዞራት፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋትና፣

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብሎ ወደሚቀጥለው እጁን ዘረጋ።