በአጥር የዞረ ፍርሃት

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው የሚታየው ጎረቤቶቹ መኖሩን ባመኑለት መጠን ብቻ ነው። በከፊል ካመኑለት በከፊል ይታያል። የቆየ ነገር ስለሆነ ማንም አይገረምበትም።

እምነቱ የሚተላለፈው በአጥር ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ከአንዱ ጎረቤት የሰማነውን፣ የራሳችንን ግምት ጨምረን፣ ለቀጣዩ እናቀብላለን። ለነገረን ሰው የራሱን ወሬ መልሶ መንገር ግን ነውር ነው። ቤቶቹ በአንድ ጎባጣ መስመር ተሰልፈው ሳሉ ደንቡ እንከን አልነበረውም፤ ወሬው ዳር ደርሶ ይቆማል። በኋላ ጋሽ ፈለቀ በሁለቱ ዳር ቤቶች መካከል ቤት ሠሩና ሰፈሩ ክብ ሆነ። እኛም ሰፈራችን ሞላ ብለን መረቅናቸው።

የትርንጎ ባል አንለይ የጭነት መኪና ይዞ መተማ እንደሄደ ቆየባት። በቀኝ አጥሯ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፣ "እንጃ እትዬ፣ ልቤ ፈራ" አለቻቸው። እሳቸው ትንሽ ጨምረው አቀበሉ። የተቀበለውም ትንሽ ጨመረ። ማንም አልዋሸም። ወሬው ዞሮ በግራ አጥሯ በኩል ከጋሽ ፈለቀ ዘንድ ደረሳት።

"እንግዲህ ጠንከር በይ ልጄ" አሏት። "አንለይ በሕይወት የለም እየተባለ ነው። ሰው ያለው ደግሞ አይቀርም።"

የገዛ ፍርሃቷ መሆኑን አላወቀችውም። ለካ የፈራሁት ብቻዬን አይደለም ብላ፣ እያለቀሰች መልሳ ለእትዬ ማንጠግቦሽ አቀበለች። ወሬው እንደገና ዞሮ ሲመጣ ድንኳን ተተከለ።

አንለይ በሠልስቱ መጣ። በበሩ የገቡት ጃኬቱ፣ ሱሪውና ጫማው ነበሩ፤ ውስጣቸው ማንም አይታይም።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ ጃኬቱ።

"አንተ" አሉት ጋሽ ፈለቀ፣ ወንበር እየሳቡለት።

ተቀመጠ።

ትርንጎ ድምፁን ስትሰማ ከደስታ ብዛት እየሮጠች ወጣች። "አለ! ባሌ አለ!" ብላ በሁለቱም አጥር ተናገረች። ቃሏ ግን የሚዞረውን ፍርሃት ሊገፋው አልቻለም፤ ሁላችንንም አሳዘነችን። ጋሽ ፈለቀ ነገሩ ገብቷቸው መሆን አለበት፣ ከዚያ ወዲያ የሰሙትን ማቀበል ተዉ። ክቡ ተቆረጠ፤ ፍርሃቱም ዳር ደርሶ ቆመ።

በማግስቱ የአንለይ እጆች ታዩ። መዳፉ ሰፊ እንደነበር ማንም አይጠራጠርም። ትከሻውና አንገቱ ተከተሉ። ፊቱ ግን ቀረ። እትዬ ማንጠግቦሽ ጢም ነበረው አሉ፤ እኔ አልነበረውም አልኩ። ሌላው ዓይኑን ጎላ አደረገው። ነገሩን የሚያውቅ ካለ ሚስቱ ናት ብለን ቤቷ ሄድን።

"ትርንጎ፣ ፊቱ እንዴት ነበር?"

አጠገቧ የተቀመጠውን ባሏን እያየች ብዙ አሰበች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

"እናንተ ምን አላችሁ?"

 ራት ቀርቦ ነበርና ጉርሻ ጠቅልላ ከአንገቱ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ ዘረጋች። ጥቂት ጠበቀች። እጇን ስትመልስ ጉርሻው አልነበረም፤ ጣቶቿ እርጥብ ነበሩ።