የባየው ወፍራም ኬብል

ባየው ያንን ኬብል ከገዛ ወዲህ የእሱና የሚስቱ የዘርፈሽዋል ቤት እንግዳ አጥቶ አያውቅም። ጣት የሚያህል፣ በተጎነጎነ ክር የተሸፈነ፣ ሁለቱም ጫፉ ወርቅ የተቀባ የቴሌቪዥን ኬብል ነው። የደብረ ብርሃኑ ባለሱቅ «በቀጭኑ ምስሉ ይታነቃል፤ በዚህ ግን እንደ ልቡ ይፈሳል» ቢለው፣ ለጃኬት የያዘውን ገንዘብ አራግፎ ሰጥቶት መጣ። ዘርፈሽዋል ብዙም አልተቆጣችም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ደስ ያለው ነገር አልነበረም።

ጎረቤት በመጣ ቁጥር ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋና «የተጫዋቹን ላብ አያችሁት?» ይላል። እንግዶቹም ሻዩን እየጠጡ ነውና አየን ይላሉ። አንዳንዴ እሷም ያየች ይመስላታል።

ቅዳሜ ጠዋት ባየው ለቅሶ ሄዶ ሳለ፣ ቡፌውን ፈቀቅ አድርጋ ከኋላው ስትጠርግ መጥረጊያዋን አንድ ነገር ያዘው። ወፍራሙ ኬብል ነው። አንዱ ጫፉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቷል፤ ሌላው ከነፕላስቲክ ክዳኑ አቧራ ውስጥ ተጋድሟል። ቴሌቪዥኑ ከሪሲቨሩ ጋር የተያያዘው በዚያው በድሮው፣ ቀይ ቢጫና ነጭ ራስ ባለው ሽቦ ነው።

መጥረጊያዋን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ ግን አሳሰባት። የእድሩን ሰብሳቢ ሳይቀር አስደንቆበታል፤ እንዴት ብላ ትንገረው? ክዳኑን አውልቃ ኬብሉን ሪሲቨሩ ላይ ሰካችው፤ የድሮውን ሽቦ ነቀለች፤ ሪሞቱን ስትነካካ ቆይታ ምስሉን አገኘችው። እውነትም ጠራ። የዜና አንባቢዋ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ፏ ብሎ ታየ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሟ ቄስ ቴዎፍሎስ ከአንኮበር መጡ። ልጃቸው ቴሌቪዥን ልካላቸው፣ ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን ቀጭን ኬብል በፌስታል ይዘዋል። ባየው መስቀላቸውን ተሳልሞ ቴሌቪዥኑን ከፈተና ግንባሩን ቋጠረ።

«ዛሬ ምን ሆኗል?»

«ምኑ?» አለች ዘርፈሽዋል።

«ደረቀብኝ። የነበረው ልስላሴ የለውም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ለእኔስ ጥሩ ነው» አሉ ቄስ ቴዎፍሎስ። «እስቲ የኔን ሰክተህ አሳየኝ። ልዩነት ካለው እኔም እንዳንተ ያለውን ልግዛ፤ ብሩን ይዤ ነው የመጣሁት።»

ባየው ከቡፌው ኋላ ገባ። ቆየ። ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር፣ እጁ ላይ የተነቀለው የድሮ ሽቦና ትንሿ የፕላስቲክ ክዳን አሉ። ሚስቱን አያት። ዘርፈሽዋል ምንጣፉን ማየት ጀመረች።

ቀጭኑ ተሰክቶ ምስሉ መጣ። ቄሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ደግመው አዩ። «ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?»

ዘርፈሽዋል ከምንጣፉ ቀና አለች። ባየው አሁን «ዓይንዎ ደክሞ ነው» ቢላቸው ያምኑታል።

«ልዩነት የለውም፣ አባ» አለ ባየው። «ብርዎን አያባክኑ፤ ይኸው ይበቃዎታል።»

«ታዲያ አንተ ለምን ገዛህ?»

«ባለሱቁ አፉ ጣፋጭ ነው።»

ቄሱ ፌስታላቸውን ይዘው ሲሄዱ ባየው ክዳኗን በጣቶቹ እያገላበጠ ተቀመጠ። «ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ነው?»

«ይመስለኛል። እኔ ትናንት ነው የሰካሁት።»

ክዳኗን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደንግጣ ቀረበችው፤ እየሳቀ ነበር። እሷም አልቻለችም፤ አብረው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሰኞ ኬብሉን ሊመልስ ሄደ። ባለሱቁ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አለው። ባየው ግን ባዶ እጁን አልመጣም፤ ትንሽ ጠርሙስ ይዟል።

«የቴሌቪዥን መስታወት ማጽጃ ነው» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። «በተራ ጨርቅ መጥረግ ይጎዳዋል አሉ።»

ዘርፈሽዋል ጠርሙሱን ተቀብላ ከፈተችና አሸተተችው። ውሃ ውሃ ይላል።