ምላጭ ሥር ያልመጣው እንቅልፍ

ልጄ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ዓመል አለው፤ እሱ ራሱ ሲላጭ እንቅልፍ ይጥለዋል። አረፋው ጉንጩ ላይ ሳይደርቅ ያንኮራፋል። የሥራ ባልደረባው መላጣው "አንድ ቀን ቅንድብህን ላጭቼልህ ትነቃለህ" እያለ ያስፈራራዋል። እስካሁን ቅንድቡ አለ።

ሁለቱ የሚሠሩባት ቤት ጠባብ ናት። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ስለሚያፈስ ደንበኛው ከነፎጣው ይነሣና ወንበሩ ይገፋለታል። ምራቴ ደግሞ ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ተቃርባለች። ስለዚህ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ፀጉር ቤት "እኛ ጋ ና፣ ደህና እንከፍልሃለን" ብሎ ሲልክበት ቤታችን ደስ አለው። ልጄ ብቻ ፊቱ አልፈካም።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ምራቴ።

"እንጃ። ልቤ አልፈቀደም።"

"ልብህ ነው የቤት ኪራይ የሚከፍለው?"

"እሺ፣ ሄጄ ልየው። አባባ፣ እርስዎም ይምጡ።"

ሄድን። ቤቱ ያብረቀርቃል። ባለቤቱ በመስታወት ከተከለለው ቢሮው ወጥቶ ሳቀልን። "ወንበሩን ሞክረው፣ ተላጭ፣ በእኔ ነው" አለና ተመልሶ ገባ።

ልጄ ተቀመጠ። ላጪው እጁ ጥሩ ነው። ግን ምላጩን ባነሣ ቁጥር ቀና ብሎ ወደ ቢሮው ያያል። ሌሎቹም እንደዚያው። ከደንበኛ ጋር የሚያወራ የለም። ልጄ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ተላጭቶ ተነሣ።

"ነገ መልስ እፈልጋለሁ" አለው ባለቤቱ።

መንገድ ላይ ልጄ "እርስዎ ምን ይላሉ?" አለኝ።

"የምሠራው እኔ ነኝ እንዴ?"

ምራቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ጠበቀችን።

"እሺ?"

"ወንበሩ ምቹ ነው። ክፍያውም እንዳሉት ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ... እንጃ።"

"እንጃ ምን ማለት ነው? ምክንያት ንገረኝ!"

"ምክንያት የለኝም አልኩሽ እኮ።"

ጉንጩን ዳሰሰችው። "ተላጭተሃል?"

"እዚያው ላጩኝ።"

"አንኮራፋህባቸዋ!"

"አልተኛሁም።"

እጇ ጉንጩ ላይ ቀረ። "ትንሽም?"

"ትንሽም።"

ወደ እኔ ዞረች። "እውነቱን ነው አባባ?"

"ዓይኑ ፈጦ ነበር።"

"የሠርጋችን ጠዋት እየተላጨ ተኝቶ፣ ያን ሁሉ ሰው ያስጠበቀ ሰውዬ!" ትንሽ አሰበች። "በቃ ተወው። ግን ያ ጣሪያ ይደፈን። እሑድ እሑድም ትሠራለህ።"

"እሠራለሁ" አለ፣ ቶሎ።

በማግስቱ ለትልቁ ፀጉር ቤት ባለቤት እንደማይመጣ ነገረው። ከዚያ ከመላጣው ጋር ጣሪያ ላይ ወጡ፤ እኔ መሰላል ያዝኩ። ሲወርዱ አቧራ በአቧራ ሆነው ነበር። ልጄ ታጥቦ ወንበሩ ላይ ተዘረረ፤ መላጣው አረፋ ቀባው።

ምራቴ ጣሪያውን ልታይ ስትመጣ ባሏ ያንኮራፋል።

"ቅንድቡን ልንካው?" አላት መላጣው በሹክሹክታ።

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አዲስ ቆርቆሮ ነው።

"አንዱን ብቻ" አለችው።