የአርዴሊያ ሁለት መቃብር

ሉሺየስ ያጠፋው ነገር የገባው ዘግይቶ ነው። ቅዳሜ ዕለት መካነ መቃብሩን ወገቡ እስኪቆረጥ ሲያጸዳ ውሎ፣ ከመቃብሮቹ ላይ የለቀመውን የተሰባበረ ሳህን፣ የቆመ ሰዓት፣ የፋኖስ ብርጭቆና ዛጎል በጆንያ ሞልቶ ዛፍ ሥር አስቀመጠ። ምስጋና ነበር የጠበቀው። አክስት ቨርዴል ግን ሰኞ ጠዋት ጆንያውን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ቆሻሻ መስሎህ ነው አንተ? በምን ልንለያቸው ነው እንግዲህ?»

ሳቫና ከተማ አጠገብ ባለችው በዚህች ደሴት ሰው ሲሞት መጨረሻ የተጠቀመበት ዕቃ ተሰብሮ መቃብሩ ላይ ይቀመጣል። ድንጋይ የሚያስቀርጽ አቅም ማን ነበረው? ይህን የማያውቅ የለም፤ በሕፃንነቱ ፊላደልፊያ ተወስዶ ጡረታ ሲወጣ ከተመለሰ ሰው በቀር።

«የእናቴ የመጨረሻ ዕቃ ሰማያዊ ጆግ ነው ብለውኝ አልነበር? ጆጉን እንፈልጋ!» አለ ሉሺየስ።

ጆንያውን ዘረገፉት። የሦስት ሰማያዊ ጆግ ስብርባሪ ወጣ። ሉሺየስ አንዱን አንስቶ ሌላውን ሲጥል ቆየና ግራ ገብቶት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ለመቀመጥ ግን ጊዜ አልነበረም። የደሴቲቱን ዳርቻ የገዛው ኩባንያ፣ መሬት ቀያሹ መቃብር ነው ብሎ ባንዲራ የሚተክልበትን ቦታ አጥሮ ሊተው ተስማምቷል። የቀረው የጎልፍ ሜዳ ይሆናል። ቀያሹ የሚመጣው ደግሞ ዛሬ ነው። ሉሺየስ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እናቱ ላይ ሀብታም ቆሞ ኳስ እንዳይመታ።

ቀያሹ ፕሩት ትንንሽ ባንዲራዎች በብብቱ ይዞ መጣ። አክስት ቨርዴል በምርኩዛቸው ጎድጎድ ጎድጎድ ያለውን መሬት እያሳዩ ከፊት ከፊቱ ሄዱ።

«እዚህ ዲያቆን ኤበኔዘር። ዓመለኛ ነበር፤ ራቅ አድርገህ ትከል። እዚህ መንትዮቹ። እዚህ ደግሞ አርዴሊያ፣ የዚህ ልጅ እናት።»

ሉሺየስ ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አሮጊቷ ከየት አመጡት ብሎ አልጠየቀም፤ እናቱን አገኘ፣ በቃ።

ወደ ረግረጉ ወረዱ። ኩባንያው ዓይኑን የጣለበት ቦታ ይሄ ነበር። ሣር ውስጥ ሌላ ጎድጓዳ ታየ።

«እዚህ ደግሞ አርዴሊያ» አሉ አክስት ቨርዴል።

ፕሩት ጆሮውን አከከ። «እማማ ቨርዴል፣ አርዴሊያን ቅድም ከዛፉ ሥር አሳይተውኛል።»

«እና?»

«የዚህ ሰውዬ እናት ናት ብለውኛል እኮ!»

«ይህችም እናቱ ናት። ምነው፣ ባንዲራው ካባትህ ቤት ነው የመጣው? ትከል!»

ፕሩት ሉሺየስን አየው። ሉሺየስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ባንዲራው ተተከለ፤ አጥሩም እስከ ረግረጉ እንዲደርስ ተወሰነ።

ቀያሹ እንደሄደ ሉሺየስ ባርኔጣውን እንደያዘ በሁለቱ መካከል ቆመ። ለየትኛዋ ይንበርከክ? ዛፉ ሥር ያፈሰሰው እንባ ለማን ነበር? ተናደደም፣ አፈረም።

«አክስቴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የትኛዋ ናት?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ አክስት ቨርዴል። ድምፃቸው ደከም ብሎ ነበር። «ያኔ ሳቫና ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበርኩ። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?»

«ቀብሩ ላይ ከነበሩት በሕይወት ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«እኔ?»

«የሰባት ወር ልጅ ነበርክ። መንፈሷ ናፍቆህ እንዳይመጣብህ ብለው በሬሳ ሳጥኗ ላይ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉህ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁልቁል እያየሃት ትስቅ ነበር አሉ።» ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉትና ክንዱን ያዙ። «እስቲ አስታውስ፣ ልጄ።»

የስልሳ ስምንት ዓመቱ ሉሺየስ ዓይኑን ጨፈነ።